ለሐዘንተኛ እምቢ አይባልም

መርካቶ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነስረዲን፣

በቴሌግራም ለምን እንደማልመልስልህ ጠይቀሃል። በቴሌግራም ብጽፍልህ ድምፅህን ቀድተህ ትልክልኛለህ፤ እኔ ደግሞ ድምፅህን መስማት አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት እጽፍልሃለሁ። ይህን ደብዳቤ አውቶቡስ ተራ ወስጄ ለቦንጋው ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ አንተ መናኸሪያ ሄደህ ትቀበለዋለህ። ትንሽ ልፋ። ሰላምታ ያላቀረብኩት ረስቼ አይደለም።

ስለ ጤናችን ጠይቀሃል። እኔ ደህና ነኝ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። እናቴ ደህና ናት። ወንድሜ ሙናዊር ግን ሞቷል፤ ምናልባት ረስተኸው ከሆነ ብዬ ነው። መስከረም ላይ ጠዋት መሳለሚያ አንድ ኢሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ ገጨው፣ ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ለቀብሩ ልትደርስ እንደማትችል ይገባኛል፤ ቦንጋ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም። ለሐዘኑ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በራችን ክፍት ነበር። ስሙን በቅጡ የማያውቁ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ መጥተው ተቀምጠዋል። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብሮት ያደረው ጓደኛው አልመጣም። ለእናቴ ስልክ ደወልክላት፣ በቃ።

አሁን ደግሞ «ሳትሞክሩት እንዳትሠሩት» ትለኛለህ። የማንን ነገር ነው የምትከለክለው? አንተና ሙናዊር አብራችሁ ያሰባችሁት የስልክ ፕሮግራም እኮ ነው። የክፍለ ሀገር ነጋዴ ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ሳይንገላታ፣ እዚያው ሱቁ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል፤ መርካቶ ውስጥ ሳህኑን፣ ማንኪያውን፣ ፔርሙሱን ማን ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ያያል፤ ያዝዛል። ይኸው ነው። ሙናዊር ሲያስረዳን ለእናቴ እንኳ ገብቷት ነበር።

እናቴ ሱቁን ለሌላ ሰው ልታስተላልፍ ነው። ከአባታችን የቀረውን፣ ሙናዊር ይሠራበት የነበረውን። በገንዘቡ ቦሌ ያሉ ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆች ነገሩን በሦስት ወር ውስጥ ሠርተው ያስረክቡናል። ስሙም «ሙናዊር» ይባላል። ሱቁን የሚረከበው ሰውዬ ከዒድ በኋላ ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ሞክር ስላልከኝ ደግሞ ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ እየዞርኩ ሃያ ሦስት ጅምላ ሻጮችን ጠየቅኩ። «የዕለቱን ዋጋ በስልክ የምታወጡበት ነገር ቢሠራ ትጠቀማላችሁ?» አልኳቸው። ሃያ ሦስቱም አዎ አሉ። አንድም ያመነታ የለም። ጋሽ ጠይብን ታውቃቸዋለህ፣ ሰላምታ እንኳ በነፃ የማይሰጡትን ሰውዬ? እሳቸው ጭምር ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ኧረ ለምን አልጠቀምም ልጄ!» አሉኝ።

ሃያ ሦስት ከሃያ ሦስት። እንዲህ ያለ ውጤት አንተ በየትኛው ፈተና አግኝተህ ታውቃለህ?

ሰሚር


ቦንጋ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ሰሚር፣

እሺ፣ ድምፅ አልልክም። ሐዘኑ ላይ ያልተገኘሁበት ምክንያት አለኝ፤ ዛሬ ግን ልጽፈው አልቻልኩም። ይቅርታም አልለምንህም፣ ምክንያቱን ሳልናገር የምለምነው ይቅርታ ስለማያምርብኝ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሃያ ሦስቱን ሰዎች ስታናግር ማን ነኝ አልካቸው? «አዎ» ካሉህ በኋላስ ቀጥሎ የተናገሩት ምን ነበር? የመሰለህን ሳይሆን የተናገሩትን ቃል ጻፍልኝ። ደግሞ ከሃያ ሦስቱ አንዱ እንኳ የዚያን ቀን ዋጋውን ነግሮሃል?

ለእናትህ ለእትዬ ዘሀራ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ወይም ተወው፣ አታድርስ።

ነስረዲን


መርካቶ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነስረዲን፣

ሰላምታህን አላደረስኩም።

ማን ነኝ አልካቸው ትላለህ። ማን ልበል ታዲያ? «የሙናዊር ወንድም ነኝ» ነው ያልኩት። የሱ ወንድም ከመሆን ሌላ አሁን ምን ሥራ አለኝ?

ቀጥሎ ያሉትን ልጻፍልህ። «አላህ ይዘንለት።» «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ።» «እናትህን በርቺ በልልኝ።» አንዱ አጠገቡ ያለውን በርጩማ በእጁ ጠርጎ አስቀመጠኝ። አንዱ ውሃ አስመጣልኝ። አንዱ ስድስት ሳህን በጋዜጣ ጠቅልሎ «ለእናትህ ስጣት» አለኝ፤ እኛ ራሳችን ሳህን ሻጮች መሆናችንን ረስቶት። ዋጋ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ ስደርስ መጻፌን አቆምኩ። ምን ልትለኝ እንደፈለግክ ገብቶኛል፤ በጣም ነው ያናደድከኝ። ስለዚህ አለመሆኑን ላሳይህ ብዬ ፋናን ላክኋት። ፋና አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፣ ቤታቸው አስኮ ነው፣ መርካቶ ውስጥ ማንም አያውቃትም። ጥያቄውን ቃል በቃል ጽፌ ሰጠኋት። እኔ ካርቶን ከተከመረበት ጋሪ ኋላ ቆሜ አዳምጥ ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ጋ የሆነው ይኸውልህ።

«ጋሼ፣ የዕለቱን ዋጋ በስልክ የምታወጡበት ነገር ቢሠራ ይጠቀማሉ?»

«ከግብር ነው የመጣሽው?»

«ኧረ ተማሪ ነኝ ጋሼ!»

ሰውዬው ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ታያለህ? አሁን ደግሞ ዩኒፎርም አልብሰው መላክ ጀመሩ።» ከዚያ ወደ ፋና ተመለሰ፦ «ዋጋዬን ለማን ላውጣው? እዚያ ማዶ ለተቀመጠው ቀጣፊ?»

«ሰማሁህ!» አለ ከማዶ ቀጣፊ የተባለው።

«ስማ እንጂ! በዚያውም ዛሬ እንኳ በእውነተኛ ዋጋ ሽጥ!»

ፋና ከሃያ ሦስቱ አሥራ አምስቱ ሱቅ ደረሰች። አሥራ አንዱ እምቢ አሏት፣ ሦስቱ አባረሯት፣ አንዱ «ከረመዳን በኋላ ነይ» አላት። ስትመለስ ላብ አጥምቋት ነበር። «ወንድምህን ይወዱታል፣ ሁሉም እሺ ብለዋል ያልከኝ እነዚህን ነው?» አለችኝ። ካባረሯት ሦስቱ አንዱ ደግሞ ጋሽ ጠይብ ናቸው።

በቀጥታ ወደሳቸው ሄድኩ። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግርህ አልችልም። ሰላም ሳልል ነው የገባሁት።

«ጋሽ ጠይብ፣ ለምን ዋሹኝ?»

«እኔ? መቼ ዋሸሁህ?»

«እኔን አዎ አሉኝ። አሁን ያቺን ልጅ አባረሯት። ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩላት!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ የጠየቅከኝ ያንን ነበር እንዴ? ወንድሜን ይወዱት ነበር ወይ ያልከኝ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ስለ ዋጋ ነው የጠየቅኩት!»

«ሰሚር፣ ለሐዘንተኛ እምቢ ይባላል? የዚያን ዕለት መጥተህ ፔርሙስ ውስጥ በግ ላረባ ነው ብትለኝም እሺ እልህ ነበር። በጉንም ገዝቼ እሰጥህ ነበር።»

«ለሙናዊርስ? ለሱ ምን ብለውት ነበር?»

«ለሱማ እምቢ ነዋ! ሦስት ጊዜ መጣብኝ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩት። ተጨቃጨቅን፣ ‹የጥንት ሰው› ብሎ ሰደበኝ፣ እኔም የማይነገር ነገር መለስኩለት። እሱ በሕይወት ነበራ!»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማኋቸውም። መንገድ ላይ ሳለሁ ነው የገባኝ። ሙናዊር ጠይቋቸው ነበር። እምቢ ብለውታል። ለእኔም ለእናቴም አንድ ቀን አልነገረንም።

አንተስ? ታውቅ ነበር?

ሰሚር


መርካቶ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነስረዲን፣

አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሾፌሩ ደብዳቤውን በእጅህ እንደሰጠህና እዚያው ቆመህ እንዳነበብከው ነግሮኛል። «ምን አለ?» ስለው «ምንም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው» አለኝ።

እናቴ ትናንት ሱቁ ውስጥ የቀረውን ዕቃ መሸጥ ጀመረች። የጠየቅኩህ አንድ ቃል ነው። ዝም ካልክ እንደምታውቅ እቆጥረዋለሁ።

ሰሚር


ቦንጋ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሚር፣

አውቅ ነበር።

አምና ግንቦት ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞክረነዋል። ፕሮግራም አልሠራንም፤ ፕሮግራሙ እኛው ሆንን። ሙናዊር ማለዳ ሱቁን ሳይከፍት አሥር ሻጮች ጋ ይዞርና ዋጋቸውን በወረቀት ይጽፋል፣ በስልክ ያነብልኛል። እኔ ደግሞ ኮሌጅ ለማስተማር ከመግባቴ በፊት እዚህ ቦንጋ አምስት ባለሱቆች ጋ እወስደዋለሁ። ሐሳቡ የሱ ነው። «ሰዎቹ በወረቀት ካልተጠቀሙበት በስልክም አይጠቀሙበትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በወረቀት» ያለው ራሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አሥሩም ነገሩት። በሁለተኛው ቀን የነገሩት ዋጋ ውሸት ነበር፤ ጎረቤት እንዲሰማው ከፍ አድርገው ነው የነገሩት። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፣ እነሱም ሙናዊርን ስለሚወዱት ነው። እዚህም ቢሆን አንድ ሰው በዚያ ዋጋ አላዘዘም። «ይህ ዋጋ የኔ ነው ወይስ የሁሉም?» ይሉኛል። የሁሉም ነው ስላቸው ይስቃሉ። አንዲት ባለሱቅ «ለሁሉም የተነገረ ዋጋ ዋጋ አይደለም ልጄ፤ የኔን ዋጋ ሰውዬው ፊቴን አይቶ ነው የሚነግረኝ» አለችኝ።

ይቅርብን አልኩት። «ተሠርቶ ሲያዩት ይመጣሉ» አለኝ። ያንን የሚለው ሙናዊር ነው ብዬ ማመን አቃተኝ፤ ሞክረን እንየው ያለው እሱ አልነበረም? ተጣላን። ከሐምሌ ጀምሮ እስከሞተበት ቀን አልተነጋገርንም።

ለእናትህ የደወልኩ ዕለት እያለቀሱ «ነስሩ፣ ልጄ የጀመረው ነገር ጥሩ ነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «እንደሱ ያለ ሐሳብ አይቼ አላውቅም፤ ቢሠራ ኖሮ መርካቶን ይለውጥ ነበር» አልኳቸው። ሱቁን ሊያስተላልፉ መሆኑን ከደብዳቤህ ሳነብ ነው ያ ቃሌ ያመጣው መሆኑ የገባኝ። ሃያ አራተኛው ሱቅ እኔ ነኝ፣ ሰሚር።

ለሐዘኑም መጥቼ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። ሻይ ጠጣሁ። ፊታቸውን እያየሁ ያንን ቃል ልደግመው አልቻልኩም፣ ላፈርሰውም አልቻልኩም። በዚያው መኪና ተመለስኩ።

አንተ ንገራቸው። ከአንተ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

ነስረዲን


መርካቶ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነስረዲን፣

እኔ ልንገራት?

አንተ የሠራኸውን እኔ ላፍርስ? እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ነገ የፊዚክስ ፈተና አለብኝ። አንተ መምህር ነህ፣ ኮሌጅ ውስጥ ሰው ታስተምራለህ፤ ተማሪ ሲሳሳት ምን ትላለህ? «ለእናትህ ሌላ ሰው ይንገርልህ» ነው የምትለው?

ከቤታችን አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ሻይ ጠጥተህ ተመለስክ። ይህን እንኳ ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ስናፈጥር እናቴ ለጎረቤቶቹ ስታወራ ሰማኋት። «ነስሩ አይዋሽም፣ አብሮት ተምሯል፣ ነገሩን ያውቀዋል» አለች። ቴምሩን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። ቦሌ ያሉትን ልጆች ብትጠይቅ አይነግሯትም፣ እነሱ የታዘዙትን ይሠራሉ። ነጋዴዎቹም አይነግሯትም። ሁሉም ሰው እሺ እያለ ያላትን ሁሉ ሊያስጨርሳት ነው። በደግነት!

እኔም ከናንተ አልሻልም። ሃያ ሦስቱን አዎ ይዤ እየሮጥኩ ሄጄ የነገርኳት እኔ ነኝ። እጄን ስማ አለቀሰች። የኔን እኔ እነግራታለሁ፤ ከጋሽ ጠይብ የሰማሁትን ሁሉ። የአንተን ግን አንተ ንገራት። ፊርማው ከዒድ በኋላ ነው ብዬሃለሁ። ስልኳን ታውቀዋለህ፤ አንድ ጊዜ ደውለህበታል።

ሰሚር


መርካቶ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ነስሩ፣

ስልኩን ከዘጋችብህ በኋላ ምን ሆነች ብለህ ጠይቀሃል። ፈርተህ እንደነበር ከድምፅህ ያስታውቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ከፍታው ስለነበር እኔም ሰምቼሃለሁ። «እትዬ፣ የዚያን ቀን የነገርኩዎት እውነት አልነበረም» ስትል መሬት መሬት ነበር የማየው። ስትዘጋብህ አልፈረድኩባትም።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተስ?» አለችኝ። ስለ ፋናም፣ ስለ ጋሽ ጠይብም፣ ስለ በጉም ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትነሳለች። «የልጄን ነገር አረከሳችሁት» ትለናለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። ዒድ እንደዚያ ሆኖ አለፈ።

በዒድ ማግሥት ማለዳ «ተነስ» አለችኝ። ሱቁን ከፈትን። ሻሹን አስተካክላ በቀጥታ ጋሽ ጠይብ ጋ ሄደች፣ እኔ ከኋላዋ። መንገዱ ላይ ያሉ ነጋዴዎች ሲያዩዋት እየተነሱ ነበር።

«ጠይብ፣ ልጄን ለምን እምቢ አልከው?»

«ዘሀራ፣ ተይው እባክሽ፤ እሱ ጀነት ነው...»

«ጀነት መሆኑን አውቃለሁ፣ አንተን አልጠየቅኩህም! እምቢ ያልክበትን ምክንያት ነው የምጠይቅህ። አባታቸው የሞተ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ተራ በሙሉ እሺ ብሎኝ ነበር። የማይሸጥ ዕቃ ሳመጣ ጥሩ ነው፣ ዋጋ ስሳሳት ግድ የለም። ሱቁን ልዘጋው ምን ቀረኝ? አሁን ደግሞ በልጄ ልትደግሙኝ ነው? እውነቱን ንገረኝ!»

ጋሽ ጠይብ መጀመሪያ በዝግታ ጀመሩ። እየቆዩ ግን ሞቃቸው። «የክፍለ ሀገር ሰው ዋጋ አጥቶ አያውቅም!» አሉ። «ስልክ ይደውልልኛል፣ እነግረዋለሁ፣ እንከራከራለን። የሚያጣው ዓይን ነው! ያዘዘው ፔርሙስ ይሁን ሌላ፣ ካርቶኑ ሲታሰር ማን አየለት? ቤቱ ደርሶ ሲፈታው ነው የሚያለቅሰው። ልጅሽ ያልተቸገርኩበትን ነው ሊያቀልልኝ የመጣው።»

«ታዲያ ይህን ለሱ ለምን አልነገርከውም?»

«መች አስጨረሰኝ! ያንቺ ልጅ አይደል!»

እናቴ ሳቀች። ከመስከረም ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ደግሞ ተቆጣች፦ «እንግዲያው እነዚያን ሁለት ካርቶን ፔርሙስ በደህና ዋጋ አምጣ፣ ሱቄ ባዶ ነው።» እሳቸው በአባቴ ጊዜ እንኳ ያልተባለ ዋጋ ጠሩ። እሷም የማይጻፍ ነገር መለሰችላቸው። ተሸካሚዎቹ ቆመው እስኪያዩ ድረስ ተጯጯሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ያን ቀን ማንም አልሰጠንም። ያለ ፔርሙስ ተመለስን፣ እናቴም ቤት ስትደርስ ሁለት ጊዜ በላች።

ለመፈረም የመጣውን ሰውዬ ሳታስፈርመው ራሷ ሸኘችው። ሥራው እንደቀረ ለመንገር ቦሌ ላሉት ልጆች እኔ ደወልኩ። ስለ ሙናዊር ስነግራቸው አዘኑ፣ «ሐሳቡ እኮ በጣም ጥሩ ነበር» አሉኝ። ልጮህባቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አሁንም ተናድጄብሃለሁ፤ እናቴ ደግሞ ከኔ የባሰች ናት። ስለ ሻዩ ነግሬያታለሁ። «በሬን አልፎ ሻይ የሚጠጣ ልጅ አላሳደግኩም» ብላለች፤ ሲመቸኝ እመጣለሁ ያልከው እንዲመችህ አድርግ።

አንድ ነገር ግን ሥራልኝ። እኔ ምንም ፕሮግራም አላሠራም፣ ፈተናም አለብኝ። ቦንጋ ውስጥ ከመርካቶ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ባለሱቅ ፈልግ። አምና ዋጋ ከወሰድክላቸው ከአምስቱ አንዱ አይሁን። መርካቶ ያለ አንድ ልጅ ዕቃህ ካርቶን ውስጥ ሲገባ ቆሞ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሲታሰር ይጠብቅልሃል በለው። «ትፈልጋለህ ወይ?» ብለህ አትጠይቀው። «የሚቀጥለውን ትእዛዝህን በሱ በኩል ላክ» በለው፣ ከዚያ ዝም በል። እሺ ብሎ ካልላከ አትጻፍልኝ፣ ባዶ እሺታ ጠግቤያለሁ። እምቢ ካለህ ግን ምክንያቱን ቃል በቃል ጻፍልኝ፣ ስድብም ቢኖርበት።

ደግሞ የማን ወንድም እንደሆንኩ አትንገረው።

ሰሚር